ሰሙ በማሽን ሲወለወል ለምን ዱቄት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ያለ ባለ 4 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ አስተዳዳሪ ነኝ። ግራውንዱ 120 ካሬ ቴራዞ ነው። ከሦስት ወር በፊት ፈሳሽ ሰም ተቀብቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በማሽን ይወለወላል። አሁን ማሽኑ በሄደበት ሁሉ ነጭ ዱቄት ይነሳል፣ የጫማ ጥቁር ጭረት አይለቅም፣ ሰውንም ያንሸራትታል። የጽዳት ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ነው የሚያብሱት። አንድ እጅ ሰም ይደረብበት?

መልስ፦ አይደረብበት። ታች ያለው ሳይስተካከል የተደረበ ሰም ከታችኛው ጋር አብሮ ይላቀቃል። እስከዚያውም ቆሻሻውን ከሥሩ አሽጎ ያስቀረዋል።

ጥፋቱ ከባልዲው ነው የሚጀምረው። ለቢሮና ለሱቅ ወለል የሚሸጠው ፈሳሽ ሰም በስሙ ሰም ይባል እንጂ አብዛኛው በውኃ የተበጠበጠ አክሪሊክ ነው፤ ሲደርቅ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይሆናል። ይህን ሽፋን ለማንሳት የሚሸጠው ኬሚካል ደግሞ ኃይለኛ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። የዱቄት ሳሙናም በረኪናም አልካሊ ናቸው። ሠራተኞቹ ሳያውቁት በየጠዋቱ ሰሙን በትንሽ በትንሹ እያነሱት ነው ማለት ነው። በለሰለሰው ሰም ላይ ቅዳሜ ማሽን ሲሄድ ፓዱ (ከማሽኑ ሥር የሚዞረው ክብ መፈግፈጊያ) ይፍቀዋል፤ ነጩ ዱቄት እሱ ነው። የሚያንሸራትተውም ይኸው ዱቄትና ታጥቦ ያልወጣው ሳሙና ነው።

ለማረጋገጥ ንጹሕ መወልወያ ምንም ባልገባበት ውኃ አርጥበው ሁለት ካሬ ያህል ያብሱና ባልዲው ውስጥ ይጭመቁት። አረፋ ካወጣ ሳሙናው ወለሉ ላይ አለ። እንግዲያው አረፋው እስኪጠፋ ድረስ፣ ውኃውን ቶሎ ቶሎ እየቀየሩ ደጋግመው ያብሱ። አንዳንዱ ሰው ሳሙናውን ለማርከስ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ያደርጋል። ቴራዞ ላይ አደራዎን ይህን አያስደርጉ! ቴራዞ የእብነ በረድ ፍንካችና ሲሚንቶ ነው፤ አሲድ ሁለቱንም ይበላል። ሰሙ በሳሳበት ቦታ ድንጋዩ ራሱ ይደበዝዛል፣ ያንን ደግሞ ሰም አይመልሰውም፤ እንደገና በማሽን መሞረድ ይጠይቃል።

ወለሉ ሲደርቅ ጥግ ላይ በሳንቲም ጠርዝ ጫር ያድርጉት። ቅርፊት ቅርፊት እያለ ከተነሳ ሽፋኑ ከወለሉ ተላቋል፤ በሰም ማንሻና በጥቁር ፓድ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። ጭረት ብቻ ካሳየ የላይኛውን እጅ ማንሳት ይበቃል፦ አረንጓዴ ፓድ፣ ገለልተኛ (አሲድም አልካሊም ያልሆነ) የወለል ማጽጃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ስስ እጅ ይቀቡ። 1 ሊትር ከ40 እስከ 50 ካሬ ስለሚሸፍን ለእርስዎ ለአንድ እጅ 3 ሊትር ገደማ በቂ ነው። 5 ሊትር ከፈጀብዎ እጅግ ወፍሯል፤ የወፈረ ሰም ላዩ ይደርቅና ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። በአንዱና በሌላው እጅ መካከል ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በክረምት ብርድና እርጥበት እጥፍ ሊወስድ ይችላል። የእጅዎን ጀርባ ሲያስነኩት ቅዝቃዜ ወይም መጣበቅ ካለው ገና ነው። ቬንቲሌተር ወደ ወለሉ አያዙሩ፤ አየሩ ብቻ ይንቀሳቀስ። ቅዳሜ ከሰዓት ተቀብቶ እሑድ ማንም ካልረገጠው ሰኞ በደንብ ይጠነክራል። ማሽን ከ24 ሰዓት በፊት አይድረስበት።

ስለ ማሽኑ፦ በደቂቃ 175 ዙር ገደማ የሚዞረው ተራ ማሽን ከሆነ ቀይ ወይም ነጭ ፓድ ይጠቀሙ። አረንጓዴና ጥቁር ፓድ ለመፈግፈግና ለማንሳት ናቸው፤ “ይበልጥ ያበራል” ተብሎ በአረንጓዴ ሲወለወል ብዙ ጊዜ አያለሁ፣ ውጤቱም ይኸው ዱቄት ነው። በደቂቃ 1,500 ዙርና ከዚያ በላይ የሚሄደው ማሽን የራሱን ለስላሳ ፓድና ለዚያ ፍጥነት የተሠራ ሰም ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሙቀቱ ሽፋኑን ያበላሸዋል። ከመወልወሉ በፊት አቧራው በደረቅ መወልወያ ይነሳ፤ ፓድ ሥር የገባ አሸዋ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሲጨርሱም እንደገና በደረቁ ያንሱት፣ መንሸራተቱን የሚያስቀረው ይህ ነው። ዘይት ወይም የእቃ ማብሪያ ስፕሬይ መወልወያው ላይ አይነፋ። ጥቁር የጫማ ጭረቶችን በእጅ በተያዘ እርጥብ ነጭ ፓድ ቁራጭ አንድ በአንድ ያስለቅቁ።

ለጠዋት ጽዳት ገለልተኛ ማጽጃ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ፤ በረኪናው ለመጸዳጃ ቤት ይቅር። በር ላይ ሦስት ሜትር ያህል ሻካራ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ እዚያ ካልቀረ ሌላው ልፋት ሁሉ አይያዝም። ምንጣፉም በየቀኑ ይራገፍ።

መብራት በመሀል ከጠፋ ኦፕሬተሩ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀል፣ ከዚያ ማሽኑን ወደ ኋላ አጋድሞ ፓዱን ከወለሉ ያንሳ። እጀታው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ በገመድ ከታሰረ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ብቻውን ይነሳል፤ እግር ይሰብራል። ገመዱን ዛሬውኑ ያስፈቱት።