ጥያቄና መልስ፦ «ገጹን አውጪው አሉኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የሕግ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ፕሮፋይላችን ላይ ስለ ሴቶች ቅጥር፣ ስለ አካል ጉዳተኞችና ስለ አካባቢ ጥበቃ ቃል የገባንበት ገጽ አለ። ባለፈው አለቃችን «አሜሪካኖቹ ራሳቸው እያወጡት ነው፣ አንቺም አውጪው» አሉኝ። እውነት ሁሉም አውጥተዋል? ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አልሆኑም። በ2023 እ.ኤ.አ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘር እንዳያዩ ከወሰነ በኋላ ፐርኪንስ ኩዊና ሞሪሰን ፎርስተር የሚባሉ የሕግ ድርጅቶች ለሕግ ተማሪዎች የሚሰጡት ፌሎሺፕ (የሥራ ልምምድና የገንዘብ ድጋፍ) በዘር ያዳላል ተብለው ተከሰሱ፣ መስፈርቱን ለሁሉም ክፍት ሲያደርጉት ክሱ ተነሳላቸው። በ2025 ደግሞ ትራምፕ በአንዳንድ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች ላይ በትእዛዝ መጣባቸው፣ ዳይቨርሲቲም (በቅጥር የተለያዩ ሰዎችን የማካተት ሥራ) ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ፖል ዋይስ የሚባለው ድርጅት የ40 ሚሊዮን ዶላር ነፃ የሕግ አገልግሎት ቃል ገብቶ ተስማማ፣ ሌሎችም ተከተሉት፤ ፐርኪንስ፣ ጄነር፣ ዊልመርሄልና ሰስማን የሚባሉት ድርጅቶች ግን ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ዳኞቹም ለአራቱም ፈረዱላቸው።

የኛ ነገር ሌላ ነው። እዛ ገጽ ላይ ካለው ብዙው እኮ ብታወጪውም ባታወጪውም ግዴታችሁ ነው፣ በጾታ አለማዳላቱም 120 ቀን የወሊድ ፈቃዱም አዋጅ 1156/2011 ላይ አለ፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ መብት ደግሞ ራሱን የቻለ አዋጅ አለው፣ 568/2000። ቡና ላኪ ክላየንት ካላችሁ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና አላስገባም የሚለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ የሚጀምርበት ቀን እየተገፋ ቢሆንም፣ ነገ ጠዋት እናንተው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚመጣው።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ሥራ ስጀምር ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ነበር፣ ሊፍት የለውም፣ አንድ በዊልቸር የሚሄዱ አባት መጡና ፋይሉን ይዤ ወረድኩ፣ ውላቸውን ያስፈረምኳቸው ቡና የምታፈላው ልጅ በርጩማ ላይ ነው፣ ሚስጥራቸውን መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ግድግዳችን ላይ ግን «ሁሉንም በእኩል እናገለግላለን» የሚል ተለጥፎ ነበር፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ አለቃሽ ጋር ባዶ እጅሽን አትግቢ። ገጹን ፕሪንት አድርጊና በእያንዳንዱ መስመር ጎን የሠራችሁትን በእስኪርቢቶ ጻፊበት፣ ስንት ሴት ቀጠራችሁ፣ ስንቷ ፓርትነር ሆነች፣ በሩ ላይ ራምፕ አለ ወይ። «ጋሼ፣ ይሄን ሠርተናል፣ ለምን እንደብቀዋለን?» በያቸው። ከጎኑ የሚጻፍ ያጣሽለትን መስመር ግን እስክትሠሩት ድረስ እኔም አውጪው እልሻለሁ።