የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የዘማች ፎቶዎች

ከአዳማ የመጡ አምስት ጥያቄዎችን በዚህ ዕትም ሰብስበናል። የመጀመሪያው ብዙ ቤት ያለ ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ አማቼ የቃኘው (ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ) ዘማች ነበሩ። ሳሎን የተሰቀለው ፎቷቸው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ፊታቸው አካባቢ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ጀርባውን ከፍተን ስናይ «8/10/43» ይላል። ልጆቹ «በ1943 የኮሪያ ጦርነት የለም» እያሉ ይከራከራሉ። ፎቶ ቤት ወስደን አስለቅቀን፣ አሳድገን፣ ቀለም ልናስገባበት ነው። ምን ትላላችሁ? (ወ/ሮ ት.፣ ፍራንኮ ሰፈር)

መልስ፦ ከመስታወቱ አያስለቅቁት። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ወረቀቱን በሸፈነው ስስ ጄላቲን ውስጥ ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ አብጦ ይለሰልሳል፤ መስታወት እንደተጫነው ሲደርቅ ሙጥኝ ብሎ ይቀራል። የሚያብለጨልጨው ቦታ የያዘበት ነው። በደረቁ ቢስቡት ወረቀቱ እጅዎ ላይ፣ ፊታቸው መስታወቱ ላይ ይቀራል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚል መካሪ አይጠፋም። ሙቀቱ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል፤ ውሃው የጀርባውን ጽሑፍ አጥቦ ሊወስደው ይችላል።

ስለዚህ ከነመስታወቱ ያንሱት። መስታወቱን ከውጭ በኩል በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ማጽጃ አይርጩበት፣ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል። ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የክፍሉን መብራት ያጥፉ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ካለ መስኮት ይምጣ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አትረፍበት። ጥቁር ጨርቅ መሃሉን ቀድደው የስልኩን ካሜራ በቀዳዳው ብቻ ያሳዩ፤ ያለዚያ የእርስዎና የስልኩ ምስል መስታወቱ ላይ ያርፋል። ፍላሽ ይጥፋ። ስልኩን ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በሁለት እጥፍ ዙም ያንሱ፣ በጣም ከተጠጉ ጠርዞቹ ይጎብጣሉ። አንዱን እንዲሁ፣ አንዱን አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ይድገሙ፤ የፎቶው ልክ በኋላ ይፈለጋል።

ጀርባውንም ያንሱ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው ያብሩበት። ቀለሙ የጠፋ ጽሑፍ እንኳ ብዕሩ ወረቀቱን የጫነበት መስመር በጥላው ይነበባል። ቀለም የሌለው የፎቶ ቤት ማህተምም እንዲሁ ብቅ ይላል።

ቀኑን በተመለከተ ልጆቹ የሳቱት አቆጣጠሩን ነው፤ 43ን በፈረንጅ አንብበውታል። የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር፣ ያኔ ናዝሬት በምትባለው ከተማችሁ አልፎ፣ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገደማ ፑሳን ገባ። «8/10/43» በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 8 ቀን 1943 ነው፤ በፈረንጅ ጁን 15 ቀን 1951። አሜሪካዊ ቢያነበው ኦገስት 10፣ አውሮፓዊ ቢያነበው ኦክቶበር 8 ቀን 1943 በፈረንጅ ይለዋል፤ ጠቡም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ይህ ግን ፎቶው ራሱ ካልመሰከረለት ግምት ነው። ሰኔ ኮሪያ ውስጥ ሙቀት ነው፤ አማችዎ ወፍራም ካፖርትና ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ከለበሱ ቀኑና ፎቶው አይገናኙም። ሻለቃው በሰኔ ገና ሥልጠና ላይ ነበር፤ ግንባር የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ምሽግ ውስጥ፣ ቦምብ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ከታዩ ቀኑ ከዓመታት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው ሻለቃ (1944–45) ወይም የሦስተኛው (1945–46) አባል ከነበሩ ደግሞ ጭራሽ አይገጥምም። ስለዚህ የስንተኛው ቃኘው ዘማች እንደነበሩ ከመታወቂያቸው ወይም ከምስክር ወረቀታቸው ያረጋግጡ።

ትከሻቸውንም አጉልተው ይዩ። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። የክፍለ ጦሩ ምልክት ቀይ ክብ ሆኖ በውስጡ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። ፊልሙ ቀይ ብርሃን የማያይ፣ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ቀዩም ጥቁር ይወጣና ምልክቱ ድፍን ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። «ምልክቱ ሌላ ነው» ብለው ከመደምደምዎ በፊት ይህን ያስቡ።

ሌሎች የቃኘው ፎቶዎች ካሏችሁ ከኮሪያና ከጃፓን ፎቶ ቤቶች ማህተም የሚገኝባቸው አይጠፉም፤ ዘማቾቹ ለዕረፍት ጃፓን ይሄዱ ነበር። በኮሪያ በዚያን ጊዜ የራሳቸው አቆጣጠር ይሠራበት ስለነበር 4284 የሚል ቁጥር ቢያገኙ ስህተት አይደለም፤ 2333 ሲቀንሱ 1951 ይመጣል። የጃፓኑ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጠራል፤ «26.12.5» ማለት 26ኛው የሾዋ ዓመት፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1951 ነው፣ በእኛ ኅዳር 25 ቀን 1944።

ቀለም ማስገባቱን በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉት፤ እኛ ባይደረግ እንመርጣለን። ፕሮግራሙ የልብሱን ቀለም አያውቅም፣ ይገምታል። ፊት የሚያጠራው ደግሞ ይብሳል፦ የደበዘዘውን ዓይንና አፍ ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው ይሞላዋል። የሚወጣው ያማረ ፊት የአማችዎ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ቡድናችን «ዐድዋ፣ ውጊያው ሲፋፋም»፣ «የማይጨው አርበኞች» የሚሉ ፎቶዎች በየበዓሉ ይለቀቃሉ። እውነተኛውን በምን እንለይ? (ቢ.፣ አዳማ)

መልስ፦ በ1888 የነበረው ካሜራ ባብዛኛው በሦስት እግር ቆሞ አንድ በአንድ የመስታወት ሳህን የሚጎርስ ነው። ጎራዴ ሲወርድ፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ጭስ ሲነሳ ሁሉም ጥርት ብሎ የሚታይበት «የዐድዋ ፎቶ» ወይ ሥዕል፣ ወይ ፊልም፣ ወይ ለበዓል የተደረገ ትርዒት ነው። በእጅ ተይዞ ከወታደር ጋር የሚሮጥ ትንሽ ካሜራ በሰፊው የተለመደው በ1917 ዓ.ም. ላይካ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። ለዚህም ነው የ1928ቱ ወረራ ፎቶ የበዛው።

የበዛው ግን ከማን ወገን እንደሆነ ይጤን። ብዙው ኢስቲቱቶ ሉቼ የሚባለው የፋሺስት መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም ለፕሮፓጋንዳ ያነሳው ነው። ፎቶው እውነተኛ ሆኖ መግለጫው ውሸት ሊሆን ይችላል፤ የቆመውም ሰው ቁም ተብሎ ሊሆን ይችላል።

በተደጋጋሚ የምናየው ስህተት አስካሪዎችን «የምኒልክ ጦር» ማለት ነው። ረጅም ታርቡሽ ከነዘርፉ፣ ወገብ ላይ ሰፊ መቀነት ያለው ወታደር በጣሊያን ሥር የተሰለፈ አስካሪ ነው። ሁለተኛው ስህተት የአርበኛ ልብስን የጦርነት ማስረጃ ማድረግ ነው። ጎፈር፣ ጋሻና ጎፈሬ ጸጉር በሚያዝያ 27 ሰልፍም ይታያል። ደረቱ ላይ የአርበኝነት ሜዳልያ ካለ ፎቶው ከ1933 በኋላ ነው፤ ጠላት ሳይወጣ ሜዳልያ የሰጠ የለም።

ዘመን ሲገምቱ ከሁሉም አዲስ የሆነውን ዕቃ ይያዙ። ውጅግራና ምንሽር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ስለሆኑ በአንድ ሰው እጅ መታየታቸው ዘመኑን አይነግርም። በመደበኛ ወታደር እጅ ክላሽ ካለ ግን ፎቶው የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ከገባበት ከ1969–70 ወዲህ ነው ማለት ያስኬዳል። አማፂ ከሆነ ይህ አይሠራም፣ ክላሹ ቀድሞ ደርሶታል።

ኔጌቲቭ ተገልብጦ የታተመ ፎቶም አለ። የማውዘርም፣ የኤም ዋንም፣ የክላሽም ማቀባበያ በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ ከታየ፣ ሜዳልያውም በቀኝ ደረት ላይ ከሆነ ፎቶው ተገልብጧል። ገልብጠው ሲያዩት የማይነበብ የመሰለው ጽሑፍ ይነበባል።

በእጅ የያዙትን ወረቀት በማጉያ ይመልከቱ፤ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ካዩ ከመጽሔት ወይም ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው። ስልክ ላይ ያለውን በጉግል ሌንስ ፈልገው ትልቁንና ሳይቆረጥ የቆየውን ቅጂ ያግኙ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ የተቋሙ ስም አለ። በማሽን የተፈጠረውን ደግሞ ፊቱ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይያዙት፦ የጠመንጃው ማንገቻ በትከሻ ውስጥ ያልፋል፣ ዝናሩ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ማቀባበያ የለውም።

ጥያቄ፦ ቁምሳጥን ላይ በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ የአባቴ ኔጌቲቮች ሲከፈቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ይጣሉ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይጣሉ፣ ግን ጊዜ የለዎትም። ሽታው የአሴቴት ፊልም ሲበሰብስ የሚወጣ አሲድ ነው፤ በተዘጋ ቆርቆሮ ሲታፈን መበስበሱን ራሱ ያፋጥነዋል፣ ደህናውንም ይበክላል። ቁምሳጥን ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። የሚሸቱትን ይለዩ፤ እያንዳንዱን በጠርዙ ይዘው በተለየ የወረቀት ፖስታ ያስገቡ፤ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ወዳለ ክፍል፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ወዳለ መደርደሪያ ያውርዷቸው። መጨማደድ የጀመሩት ቀድመው ስካን ይደረጉ፣ ፊልሙ ሲኮማተር ምስሉ ተላቆ ይሸበሸባል። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቢያንስ 2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፊልሙ ከ1940ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ፣ የሚያጣብቅ፣ ጠርዙ ላይም በላቲን ፊደል «ሴፍቲ» የሚል የሌለው ከሆነ ናይትሬት ሊሆን ይችላል። ይህ በእሳት ይያዛል፣ ሲነድም በውሃ አይጠፋም። በክብሪት አይፈትኑት፣ ከምድጃና ከፀሐይ ያርቁት፣ ስካን ሳይደረግ በሚቆይበት ጊዜ ከመኝታ ቤት ውጭ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከካራማራ ዘመን ያለን ባለቀለም ፎቶ ሙሉ በሙሉ ቀልቷል። ይመለሳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወረቀቱ ላይ አይመለስም። ከሦስቱ ቀለማት ሰማያዊው ቀድሞ ስለጠፋ ቀዩ ጎልቶ ቀረ፤ በጨለማ አልበም ውስጥም ቢሆን ይጠፋል። ስካን አድርገው በቅጂው ላይ ቀዩን መቀነስ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ሳይነካ የተሰካነውን ለብቻው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ከተማሪ ቤተሰቦች የዘማች ፎቶ ሰብስቦ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነው። ምን እናዘጋጅ? (መምህር፣ አዳማ)

መልስ፦ ዋናውን ፎቶ አይስቀሉ፤ ስካን አድርገው በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይመልሱ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በ600 ዲፒአይ ይበቃዋል። ትንንሾቹ፣ 6 በ9 የሆኑት፣ በ1200 ይሰካኑ፤ ፋይሉ ወደ 2800 በ4250 ፒክስል ይሆናል፣ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ 36 ሜጋ ባይት ገደማ። ጥቁርና ነጩንም በቀለም ይሰካኑት፣ ዝገቱና ብዕሩ ይለያል። ርካሽ ስስ ስካነር ከመስታወቱ የራቀውን ያደበዝዛል፤ የጎበጠ ፎቶ ከላይ ቀለል ያለ ነገር ይጫኑበት እንጂ በኃይል አይዘርጉት። ማጣበቂያ ባለው አልበም የተያዘውን አይቅደዱ፤ ገጹን እንዳለ ይሰካኑት።

ጀርባውን መሰካን አይርሱ፤ ብዙ ክበብ የሚረሳው ይህንን ነው። በፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ቁጥር ብቻ። ጀርባው ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት እርሳስ አይቀበልም፣ ቁጥሩ ፖስታው ላይ ይጻፍ።

መግለጫ ሲጽፉ የሚታወቀውንና የተባለውን ይለያዩ፦ «ጀርባው ላይ ሰኔ 1943 ይላል፤ ቤተሰቡ በኮሪያ የተነሳ ነው ይላል» በቂ ነው። ሰዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠሩ፣ የማይታወቀውም «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ ቦታው ይያዝ፤ ተመልካች ከሚያውቃቸው መካከል አንዱን ሊጠራ ይችላል፣ ስለዚህ ከሥሩ ደብተርና እርሳስ ያስቀምጡ። ሬሳና ምርኮኛ የሚታይበትን ፎቶ፣ በተለይ ከ1990–92ቱ ጦርነት ከሆነ፣ ቤተሰብ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ አይስቀሉ። 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ለማተም ፋይሉ ቢያንስ 3500 በ5300 ፒክስል ይሁን፤ ከዚያ ያነሰውን አሳንሰው ያትሙ።