ሼንዘን ልሂድ ወይስ ፈጠራዬን ላስመዝግብ?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በኤሌክትሮመካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከጓደኞቼ ጋር ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ሠርተን ነበር፤ ፕሮፔለሩ ያለ ብሎን፣ በግማሽ ዙር ብቻ ተጠምዝዞ የሚቆለፍበትን ዘዴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሙከራ ላይ ሦስት ፕሮፔለር ቢሰበርብንም በመጨረሻ በደንብ በረረ፤ ቪዲዮውንም ዩቲዩብ ላይ ለቀነዋል። አሁን ቻይና፣ ሼንዘን ሄጄ ማስተርሴን የምሠራበት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ግን «የቻይና ድሮን አሜሪካ በር እየተዘጋበት ነው፤ ጊዜህን አታቃጥል፣ ይልቅ ለፈጠራህ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አስወጥተህ ሽጠው» ይለኛል። ያጠራቀምኩት 180 ሺህ ብር አለኝ። ምን ላድርግበት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሂድና ተማር፤ ገንዘቡን ግን ፓተንት ላይ አታውለው። ምክንያቱን ከራስህ የፕሮፔለር መቆለፊያ ልጀምር፤ ትንሽ ሊያስከፋህ ይችላል። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያለ ብሎን የሚቆለፍ ፕሮፔለር በዚህ ዘርፍ ብዙ ጠበቃ ያበላ ዕቃ ነው። ዲጄአይና አውቴል የሚባሉት ድሮን አምራቾች ሁለቱም የሼንዘን ልጆች ናቸው። በ2016 ዲጄአይ ፓተንቶቼ ተጣሱ ብሎ አውቴልን የከሰሰው ግን አሜሪካ፣ ደላዌር ነበር። ጎረቤታሞቹ ባሕር ተሻግረው የተካሰሱት ገበያው እዚያ ስለሆነ ነው። አውቴልም በ2018 ብድሩን ለመመለስ ወደ አሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ሄደ። ኮሚሽኑ ካሳ አያስከፍልም፤ ሥልጣኑ ዕቃው ወደ አገር እንዳይገባ ማገድ ነው። ውጭ አገር አምርቶ አሜሪካ ለሚሸጥ ድርጅት ደግሞ ከካሳው ይልቅ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው።

አውቴል ይዞት ከቀረባቸው ፓተንቶች ዋናው ምን ይላል መሰለህ? በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው ፕሮፔለር በተቃራኒው በሚዞረው ሞተር ላይ እንዳይገባ የሚያደርግ መቆለፊያ። ፓተንቱ መጀመሪያ የካናዳው የድራጋንፍላይ ነበር፤ አውቴል ከሌላ ሰው እጅ ባገኘው ጦር ነው የተዋጋው። በ2020 መጋቢት ላይ የኮሚሽኑ ዳኛ ዲጄአይ ያንን ፓተንት ጥሷል አሉ። ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ቦርድ ደግሞ የተከራከሩበት የፓተንቱ ክፍል መጀመሪያውንም ሊሰጥ አይገባውም ነበር አለ። የዓመታት ወጪና ሙግት በዚህ መሐል ተንጠለጠለ፤ ዲጄአይም መሸጡን አላቋረጠም። እነዚህ የጠበቃ ክፍል ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። አንተ 180 ሺህ ብር ይዘህ ነው።

ሌላው ደግሞ ቪዲዮው። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፤ ዓለም ካየው በኋላ አዲስነቱ ይጠፋል። አሜሪካ ለፈጣሪው ራሱ ከገለጠበት ቀን አንድ ዓመት ትታገሣለች፤ አውሮፓ ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር አትታገሥም። ፓተንት የሚጠብቅህ ደግሞ በተመዘገበበት አገር ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ አገር በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ብታስመዘግብ መብቱ ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ሼንዘን ያለውን ፋብሪካ ግን አንዲት ቀን አያስቆመውም። ለሥራ ማመልከቻዬ አንድ ወረቀት ይኑረኝ ካልክ አዋጁ ለትንንሽ ማሻሻያዎች «አነስተኛ ፈጠራ» የሚል የተለየ ምስክር ወረቀት አለው፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ጉግል ፓተንትስን ከፍተህ ስለ ፕሮፔለር መቆለፊያ ያለውን አንብብ። የመጨረሻዎቹን ገጾች፣ ማለትም የመብቱን ወሰን የሚያሰምሩትን ቁጥር የተሰጣቸው ዓረፍተ ነገሮች አንብብ። ሥዕሉ ያሳስታል፤ ክርክሩ ያለው እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ድሮን ውስጥ ብዙዎችን የጣላቸው የሐሳብ እጦት አይደለም። ጆርዲ ሙኞዝ የሚባል የቲዋና፣ ሜክሲኮ ልጅ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ግሪን ካርድ ሲጠብቅ፣ ከዊ ቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያ ባወጣው ሴንሰር አሻንጉሊት ሄሊኮፕተር ማብረር ቻለ። በ2009 ከጋዜጠኛው ክሪስ አንደርሰን ጋር ስሪ-ዲ ሮቦቲክስን መሠረቱ፤ ቲዋና ላይ ማምረቻ ከፈቱ፤ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ኢንቨስትመንትም ሰበሰቡ። በ2015 «ሶሎ» የሚባለውን ድሮናቸውን ሼንዘን ውስጥ በሌላ አምራች አሠርተው አወጡ። ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ጊምባል ግን በሰዓቱ አልደረሰም፤ ዕቃው ያለ እሱ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ዲጄአይ በበኩሉ ዋጋውን ይቀንስ ነበር። በዓመቱ ስሪ-ዲ ሮቦቲክስ ድሮን ማምረቱን ተወ።

ልዩነቱን አየኸው? ዲጄአይም የተጀመረው በተማሪ ነው፤ ፍራንክ ዋንግ በሆንግ ኮንግ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የበረራ መቆጣጠሪያ ይሠራ ነበር፣ በ2006 ሼንዘን ገባ። ከዚያ ግን ንድፉን የሚያወጣውና ምርቱን የሚመራው አንድ ቤት ሆነ። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ የፕላስቲክ ሻጋታው እዚያው አካባቢ ይገኛል። ጠዋት የተሳሳተውን ከሰዓት አስተካክለህ የምትሞክርበት ከተማ ነው። ፋብሪካው ውቅያኖስ ማዶ ከሆነ ያው ስህተት ሳምንታት ይበላል።

ጎፕሮን ደግሞ ተመልከት። ካሜራ በመሥራት ስሙ የገነነ ድርጅት ነው። «ካርማ» የተባለ ድሮኑን ጥቅምት 2016 መሸጥ ጀመረ፤ በ16 ቀኑ 2,500 ያህሉን መልሱልኝ አለ። አየር ላይ ኃይል እየጠፋባቸው ይወድቁ ነበር፤ ጥፋቱ የባትሪው መቆለፊያ ላይ ተገኘ። ይህች ናት ያንተ ሙያ! አንዱን መቆለፊያ አንድ ጊዜ እንዲሠራ ማድረግ ጎበዝ ተማሪ ይችለዋል። አሥር ሺኛውም እንደ መጀመሪያው እንዲቆለፍ የሚያደርግ ሰው ግን በየትም አገር ይፈለጋል።

አንድ የስልክ መገጣጠሚያ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ያየሁት ነው፤ ቻይናውያኑ ኃላፊዎች ስሙን ለይተው የሚጠሩት በክፍሉ አንደኛ የወጣውን ልጅ አልነበረም። በኪሱ ደብተር ይዞ የትኛው ጣቢያ ላይ ምን ዓይነት ብልሽት በዛ እያለ የሚጽፈውን ነበር።

አጎትህ የሚሉት ከፊሉ እውነት ነው። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በታኅሣሥ 2020 ዲጄአይን የጥቁር መዝገብ ውስጥ ጨመረው። በ2023 ቴክሳስ ውስጥ የጁሪ ችሎት የአሜሪካኑን አውሮፕላን አምራች የቴክስትሮንን ፓተንት ጥሰሃል ብሎ 279 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ውጭ አገር በሚመረቱ አዳዲስ የድሮን ሞዴሎች ላይ በሩን ዘጋ። ሆኖም ጋን በጠጠር ይደገፋል። የአሜሪካኑ ስካይዲዮ ድሮኑን እዚያው ካሊፎርኒያ ይሠራል፤ ከተራው ሸማች ገበያ በ2023 ወጥቶ ለፖሊስና ለወታደር መሸጥ ቀጠለ። በ2024 ቻይና ማዕቀብ ስትጥልበት የባትሪ አቅርቦቱ ተቋረጠና ለአንድ ድሮን አንድ ባትሪ ብቻ እየሰፈረ ለደንበኞቹ ማደል ጀመረ። ስለዚህ ፋብሪካው ሌላ አገር ይተከል ቢባልም የሚተክለው ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የምርት መስመር ታውቃለህ ወይ ተብሎ ነው። እሱን ለመማር ደግሞ ከሼንዘን የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እዚያ ስትደርስ ከፋብሪካ ጋር የሚሠራ አማካሪ መምህር ፈልግ፤ ወረቀት ብቻ የሚያሳትም ፕሮፌሰር ጋ ከገባህ ሁለት ዓመትህ ላቦራቶሪ ውስጥ ያልቃል። ቻይንኛውን ከአሁኑ ጀምር፤ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ይበቃሃል፣ ሻጋታ ቤት ግን አይሠራም። ለልምምድ ስትወጣ የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ ያዝ፤ በተማሪ ቪዛ ዝም ብሎ መሥራት ከአገር ያስወጣል። የሥራ ውል ሲሰጡህም ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛው፣ በሥራህ የምታወጣው ፈጠራ የአሠሪው ነው የሚለው ነው፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ ከመቀጠርህ በፊት የነበረህን በጽሑፍ ለይ። ሁለተኛው፣ ከለቀቅህ በኋላ ተወዳዳሪ ድርጅት እንዳትገባ የሚከለክለው ነው፤ የቻይና ሕግ ከሁለት ዓመት በላይ አይፈቅድም፣ ለዚያም ጊዜ ሊከፍሉህ ይገባል።

ብሩን ለቋንቋ ትምህርትና ለመጀመሪያዎቹ ወራት መቋቋሚያ ያዘው። ድሮኑን ሻንጣ ውስጥ ከተህ ያለ ፈቃድ ቦሌ እንዳትቀርብ፤ ጉምሩክ ላይ መጀመሪያ የምትጣላው በእሱ ነው። የተሰበሩትን ሦስት ፕሮፔለሮች ግን ያዛቸው። ለአማካሪ መምህርህ አሳያቸውና ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሰነጠቁ ጠይቀው፤ መልሱን ጻፍልኝ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።