ስለ ከፋና ሸካ ደን፦ ቡና፣ ማርና ጉሬዛ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የጫካ ቡናው ምርት እንዲጨምር ሥር ሥሩን ብመነጥር ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይታይም፤ ትልልቆቹ ዛፎች ስለቆሙ ደኑ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ ገጀራው የቀራሮውንና የጥቁር እንጨቱን ቡቃያ ከቁጥቋጦው ጋር ይወስደዋል። ያረጀው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖርም። ከምንጣሮ በፊት ቡቃያዎቹን ፈልጋችሁ ጨርቅ እሰሩባቸው፤ ወንዝ ዳርና ገደላማ ቦታ ጭራሽ አትግቡ። የዛፎቹ ጫፍ ሲራራቅም ጉሬዛ መሬት ለመውረድ ይገደዳል፤ ያኔ ለውሻ ይጋለጣል። በእኔ ግምት ይህ ቀስ ያለ መሳሳት ከግልጹ ጭፍጨፋ ይከፋል፤ ማንም አይከሰስበትምና።

ጥያቄ፦ የቡናው አበባ ረገፈ። ሙቀቱ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ነው። እንቡጡ በጋውን ቋጥሮ ይቆይና በመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ይፈነዳል፤ ዝናቡ ብቅ ብሎ ከጠፋ ይጠወልጋል። የረገፈ ቅጠል አትጥረጉ፣ አታቃጥሉም፤ እርጥበት የሚይዘው እሱና ጥላው ነው። ሙቀቱም ቢሆን አሳሳቢ ነው፦ ለዐረቢካ ቡና የሚስማማው አማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ፍሬ ሰርሳሪው ጥንዚዛ ይበረታል። ከለቀማ በኋላ በቅርንጫፍና በመሬት የቀረውን ፍሬ አንድ ሳታስቀሩ አውጡ፤ ጥንዚዛው እስከሚቀጥለው ምርት የሚቆየው እዚያ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ገዢው ነጩን ማር «ውሃ በዝቶበታል» ብሎ መለሰው።

መልስ፦ ቀድማችሁ ቆርጣችኋል። ውሃው ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ማሩ ይቦካል። ቢያንስ የማር እንጀራው ሁለት ሦስተኛ በሰም ሳይታሸግ አትቁረጡ፤ እጭ ያለበትን ተዉት። በችቦ ፋንታ በጭስ ማጨሻ ተጠቀሙ፤ ፍንጣሪው በደረቅ ወር ደን ያነዳል። ነጩን ማር የሚሰጠው ጌተም የተባለው ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ነው የሚያድገው፤ ያረጀ ዛፍ «ለማገዶ» ሲቆረጥ የነገው ጌተምም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ተገልሎ የኖረው የመንጃ ማኅበረሰብ ማገዶና ከሰል መሸጡን የደን ማኅበራችን ይከልክል?

መልስ፦ ምትክ ሳይኖር ከከለከላችሁ ሥራው ወደ ሌሊት ይዞራል። ብዙዎቹ የቡና ቦታ የላቸውም። መተዳደሪያ ደንቡ ሲጻፍ ሙሉ አባል ይሁኑ፤ የወደቀ እንጨት፣ ኮረሪማና ቀፎ የሚሰቅሉበት ዛፍ በስማቸው ይመዝገብ። በሸካ የኮቦ ሥርዓት ዱሮም ደኑን ለቀፎ በባለቤት ይከፋፍላል፤ ከባዶ አትጀምሩም።

ጥያቄ፦ የአውሮፓ ገዢዎች የማሳ መገኛ ይጠይቃሉ፤ ምን እንስጥ?

መልስ፦ እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ዙሪያ ድንበሩ ይለካል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ተፈጻሚ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለበት ቡና ወደዚያ አይገባም። ነጥቡን ከቤታችሁ ደጃፍ ሳይሆን ከማሳው መሀል ውሰዱ።