«ወቅታዊ» ወይስ «ዑደታዊ»?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ንጥረ ነገሮች የሚደረደሩበትን ሰንጠረዥ አንዳንዱ «ወቅታዊ»፣ አንዳንዱ «ፔሬዲክ» ይለዋል። ለተማሪዎቼ የትኛውን ልንገራቸው? «ሰንጠረዥ»ስ የሚጻፈው በንጉሡ «ሠ» ነው በእሳቱ «ሰ»?

መልስ፦ መምህር፣ የቆየ ቁስሌን ነኩብኝ። «ወቅታዊ» ዛሬ የዜና ቃል ሆኗል፤ ወቅታዊ ጉዳይ፣ ወቅታዊ ዋጋ እንላለን። «ወቅታዊ ሠንጠረዥ» የተባለ ልጅ የአምናው የተሻረ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የስሙ ምስጢር ጊዜ ሳይሆን መመለስ ነው። ሩሲያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሜንዴሌዬቭ እ.ኤ.አ. በ1869 የዘመኑን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ሲደረድር ጠባያቸው እየዞረ ሲመጣ አየ። በዛሬው ቁጥር ሊቲየም 3ኛ ነው። ስምንት ቤት ቢቆጥሩ 11ኛው ላይ ሶዲየምን፣ ሌላ ስምንት ቢጨምሩ 19ኛው ላይ ፖታሲየምን ያገኛሉ። ሦስቱም በቢላ የሚቆረጡ፣ ውሃ ሲነካቸው የሚቆጡ ብረቶች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው አቶም በውጨኛው ምሕዋሩ ላይ ያለው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ነውና።

ለ«ፔሬዲክ» ግሪኩ «ፔሪ» (ዙሪያ) እና «ሆዶስ» (መንገድ) ብሎ ያጋጠመውን ግእዝ በአንድ ግሥ ይዞታል፦ «ዖደ»፣ ዞረ። የዐረብኛው ዘመዱ «ዓደ» ደግሞ «ተመለሰ» ማለት ነው። ዑደት ከዚህ ይወጣል፤ ዐውደ ዓመትም እንዲሁ። ስለዚህ «ዑደታዊ ሠንጠረዥ» ይበሉ።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ በዚህ አይስማሙም። «ክረምትና በጋም ወቅት ናቸው፤ ይመለሳሉ። ዑደት ግን እኩል ርቀት ይጠይቃል፤ የሠንጠረዡ ረድፎች ደግሞ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 እያሉ ይሰፋሉ» ይላሉ። ስለ ክረምቱ እውነት አላቸው። ስለ እኩልነቱ ግን ፋሲካን ይጠይቁልኝ፤ በየዓመቱ ቀኑን እየለዋወጠ ይመጣል፣ አልተመለሰም ያለው ግን የለም።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። ሠንጠረዥ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ መኳንንቱ መስመር በተሠመረበት ጨርቅ ላይ ይጫወቱት የነበረው። የጽሑፉ ሠንጠረዥ ስሙን ያገኘው ከእነዚያ መስመሮች ይመስለኛል። ቃሉ ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ»፣ ያም በፋርስ በኩል ከሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» የመጣ ነው፤ «አራት ክፍል ያለው» ማለት ነው። (ሜንዴሌዬቭም ገና ላልተገኘው ንጥረ ነገር «ኤካ ሲሊኮን» የሚል ስም ሲያወጣ «ኤካ»ን፣ ማለትም «አንድ»ን፣ የተዋሰው ከዚያው ከሳንስክሪት ነው። ንጥረ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1886 ተገኝቶ ጀርማኒየም ተባለ።) የዐረብኛ «ሸ» በግእዝ ንጉሡ «ሠ» ነው፤ «ዐሽር» ዐሥር፣ «ሸዕር» ሥዕርት እንደሆኑ ሁሉ። እርግጥ ይህ ሕግ የሚሠራው ከጥንት ለተወረሱ ቃላት ነው። ዘግይቶ የገባ ውሰት አይገዛለትም፤ በእሳቱ «ሰ» የሚጽፉትም አልተሳሳቱም። እኔ ግን በንጉሡ እጽፋለሁ፤ ለንጉሥ ጨዋታ የንጉሡ ፊደል ያምርበታል፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

«ፔሬዲክ»ን በተመለከተ ተሸንፌአለሁ። የገዛ የልጅ ልጄ «ዑደታዊ» ስላት የምን ዑደት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ «ፔሬዲክ» ስላት ወዲያው ደብተሯን አወጣች። እርስዎም ሁለቱን አጣምረው ያስተምሩ፤ «ወቅታዊ»ን ብቻ ይተዉልኝ። አዘጋጁም «ሠንጠረዥ» ያልኩትን ሁሉ ወደ እሳቱ «ሰ» ከለወጠብኝ እቀየማለሁ።