ከሰማይ የወደቀ ብረት ለበግ ገንዳ ይሆናል ወይ?

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ በግና ገብስ የያዙ አንድ አርሶ አደር የላኩት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለሙያው፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ሌሊት ሰማዩን እሳት እየተበታተነ ሲያቋርጠው አየን። ልጄ የወደቀ ሳተላይት ነው፣ ነዳጁም መርዝ ነው ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለት በጎች ሞቱብኝ፤ ከስተው፣ አገጫቸው ሥር አብጦ ነበር። ጎረቤቶቼ መርዙ ነው አሉ። ደግሞስ እንዲህ ያለ ብረት ማሳዬ ላይ ባገኝ ለበጎች ውሃ መጠጫ ገንዳ ባደርገው ጉዳት አለው?»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከበጎቹ ልጀምር፤ ሰማዩ ይቆየን።

ከስቶ፣ አገጩ ሥር ውሃ ቋጥሮ የሚሞት በግ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረኝ የጉበት ትል ነው። የጨጓራ ትልም እንዲሁ ያደርጋል። የጉበት ትል ረግረግ ላይ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ሣር ላይ ተጣብቆ ወደ በጉ ይገባል። ጉበት ቦርቡሮ በጉን እስከዚህ ለማድረስ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይፈጅበታል። እሳቱ ባለፈበት ሌሊት በጎችዎ ቀድሞውኑ ታመው ነበር ማለት ነው። የሳተላይት ነዳጅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቀስ ብሎ አይገድልም፤ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ መንጋውንም በአንድ ላይ ይመታል።

የልጅዎ ነገር ግን ከንቱ ወሬ አይደለም። ብዙ ሳተላይቶች አቅጣጫቸውን የሚያስተካክሉት ሃይድራዚን በሚባል ነዳጅ ነው። ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሽታው በክረምት ተዘግቶ የከረመ የበግ ቤት ሲከፈት አፍንጫን የሚወጋውን ይመስላል። ክፋቱ፣ ሽታው አፍንጫ ዘንድ ሲደርስ ሰውየው ከሚገባው በላይ ተንፍሶታል። በቆዳም ይገባል፤ ሳንባን፣ ጉበትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚረጋው ደግሞ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላችንን የሚያቃጥለው ውርጭ ያረጋዋል ማለት ነው። ስለዚህ በመንዝ ማለዳ ደረቅ መስሎ የተገኘ ዕቃ ፀሐይ ሲወጣ ሊያንጠባጥብ ይችላል።

ሳተላይት ሲወድቅ አብዛኛው አካሉ አየር ላይ ይነዳል። የነዳጁ ጋን ግን ብዙ ጊዜ ከቲታኒየም የተሠራ ነው፤ ይህ ብረት ለመቅለጥ ከ1,600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ አንዳንዴ ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል። አሜሪካኖች በየካቲት 2000 ዓ.ም. የተበላሸ ሳተላይታቸውን በሚሳኤል የመቱት፣ እንደገለጹት፣ 450 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድራዚን የያዘው ጋኑ ሰው ያለበት ቦታ እንዳያርፍ ነበር። ቢወድቅ አደገኛ የሚሆነውን ቦታ የገመቱት በሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ሙኩኩ በሚባል መንደር 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ወድቆ ነበር። ሰው አልጎዳም፤ የወደቀውም ቀለበት እንጂ የነዳጅ ጋን አልነበረም። የእርስዎ ማሳ ላይ የመውደቁ ዕድል ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህ ይልቅ የጉበት ትሉ ያለበትን ረግረግ ጨፌ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ገንዳው። አይሆንም ጋሼ! ክብ ጋን፣ በጥቁር ክር የተጠቀለለ የመሰለ ኳስ ወይም ቧንቧ የተቀጠለበት ብረት ካገኙ አይንኩት፣ አያንከባሉት። እንዲህ ያለ ብረት እኛ ዘንድ ወይ ገንዳ ወይ ማረሻ ነው፣ ካልሆነም ለቁራሌ ይሸጣል፤ ፍርሃቴም ይኸው ነው። ባለ እጅ ዘንድ ወስደው እሳት ቢያገባበት ሊፈነዳ ይችላል። በጨርቅ ወይም በገለባ ልጥረገው ማለትም አያዋጣም፤ ሃይድራዚን ገለባ ውስጥ ሲሰርግ፣ ዝገትም ሲነካ ክብሪት ሳይጫርበት ሊቀጣጠል ይችላል። ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይራቁ፣ ልጆችና ከብት ያርቁ፣ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይንገሩ። የነካ ሰው ካለ ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃ ይታጠብና ጤና ጣቢያ ይሂድ። የፈሰሰበት የገብስ ክፍል ባለሙያ ሳያየው አይታጨድ፤ እህሉ ብቻ ሳይሆን ገለባውም ለከብት አይሰጥ። ከታች ያለ ምንጭም እስኪመረመር አይጠጣ።

የቀሩት በጎች ከጨፌው ይውጡና ደረቅ ተረተር ላይ ይሰማሩ። መድኃኒት ከገበያ በግምት አይግዙ፤ አልቤንዳዞል ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ለጋውን አይገድልም፣ እርግዝናዋ ገና ለሆነች በግም አይሰጥም። ለጋውንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ መጠኑ በክብደት ይለካል። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ደም የሚፈስ በግ ካጋጠመዎት ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይበልቱት፣ ቆዳውንም አይግፈፉ። ለአሁኑ ከአምስት ስድስት በጎች ትኩስ በጠጥ ለየብቻ በላስቲክ ቋጥረው፣ ፀሐይ ሳይመታው በማለዳ እንስሳት ክሊኒክ ያድርሱት። የትሉ እንቁላል በማይክሮስኮፕ ይታያል።