መልስ፦ ፖርኪንስን የሠራው ተዋናይ
«ስታር ዋርስ ላይ ፖርኪንስ የሚባለውን አብራሪ የሠራው እንግሊዛዊ ነው?» ላልከው፣ አይደለም። ዊልያም ሁትኪንስ ይባላል፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ዳላስ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ትወና የተማረው ግን ለንደን ነው፤ እዚያው ሥራ ጀመረ።

ያኔ ብዙ ትልልቅ የሆሊውድ ፊልሞች እንግሊዝ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀረጹ ነበር። ስታር ዋርስ ራሱ ኤልስትሪ በሚባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ነው የተሠራው። አሜሪካዊ አነጋገር ያለው ጎበዝ ተዋናይ እዚያው ካለ ከአሜሪካ ማስመጣት ለምን ያስፈልጋል? በ1989ኙ «ባትማን» ላይ ያየኸው ሙሰኛው ፖሊስ ኤክሃርትም እሱ ነው።

እኔ ከሁሉም የማደንቀው ግን በ2003 ለንደን ሮያል ኮርት ቲያትር ላይ ታዋቂውን የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክን ሆኖ መጫወቱን ነው። ስንት ዓመት በትንንሽ ሚና ቆይቶ፣ መድረኩ በመጨረሻ የእሱ ሆነ። በ2005 አረፈ።